የተተከለውና የጸደቀው

በዛሬው ጊዜ «ዘላቂ ልማት» የሚለውን ቃል ያልሰማ ተማሪ፣ ወይም በደብዳቤና በሪፖርት ላይ ያላሰፈረ የመንግሥት ሠራተኛ ይገኛል ብዬ አላምንም። በስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ በንግግር መጀመሪያም በንግግር መጨረሻም ይነገራል። ዳሩ ግን አንድ ቃል እንዲህ ሲበዛ፣ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ እንደ ዞረ የብር ኖት መልኩ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ ለዛሬ ቃሉን ከግድግዳው ላይ አውርደን ወደ ወላይታ ገበሬ ማሳ ይዘነው እንድንወርድ እጋብዛችኋለሁ።

የቃሉ ታሪክ ረዥም አይደለም። በ1979 ዓ.ም. በጊዜው የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የመሩት የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ ከዓለም ጆሮ ደረሰ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ እኛ ዛሬ ስንጠግብ ልጆቻችን ነገ የሚጠግቡበትን አንብላ ማለት ነው። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 43 ላይ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዘላቂ ልማት የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። በዚያው አንቀጽ፣ አካባቢውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ዜጋው ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ተጽፏል። ይህን ሁለተኛውን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። ችግኝ ሥር ሰዶ መሬት ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን። ሰውም ይጸድቃል፣ ሕግም ይጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጽደቅ ግን ክረምትና በጋን ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት የመንግሥትም ሆነ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች የልማት ጥረት የሚለካው በእነዚህ በሁለቱ ግሦች መካከል ባለው ርቀት ነው።

የማስተምርባት የቦዲቲ ከተማ ከሶዶ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ የዳሞት ጋሌ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ደስ ይላል። ከከተማዋ ብቅ ብሎ ዙሪያውን የተመለከተ እንግዳ በመጀመሪያ የሚለው ነገር «እንዴት ያለ ለምለም አገር ነው!» የሚል ነው። የዳሞታ ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ በየቤቱ ዙሪያ እንሰት፣ በየዳሩ ባሕር ዛፍ፣ በመካከሉ ቦቆሎና ስኳር ድንች፣ ቦሎቄና ጎደሬ ይታያል። ባዶ መሬት የለም ለማለት ይቻላል። ይህ ልምላሜ ግን ብዙ ሰው አሳስቷል። በ1976ና በ77 ዓ.ም. ከደረሰው ታላቅ ረኃብ ሌላ፣ በ1992፣ በ1995ና በ2000 ዓ.ም. ወላይታ ውስጥ ሕፃናት በምግብ እጦት ተጎድተው ወደ ሕክምና ጣቢያ ሲመጡ ሜዳው አረንጓዴ ነበር። የውጭ አገር ጋዜጠኞች ነገሩ ግራ ቢገባቸው «አረንጓዴ ረኃብ» አሉት። የበልጉ ዝናብ ሲዘገይና ስኳር ድንቹ ሲከዳ፣ የቦቆሎው ቅጠል ለምልሞ እየታየ ጎታው ባዶ ይሆናል። የሚታየው ቅጠል ነው እንጂ የሚበላው ገና አልደረሰም።

ምክንያቱን ለማወቅ ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ያህል ነበር። ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ350 ሰው በላይ ይሆናል፤ በዳሞት ጋሌ ደግሞ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ዓመት እናንተው አስሉት። ብዙው ገበሬ የሚያርሰው ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ቁራሽ ነው። አባት ለሦስት ወንዶች ልጆች ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ያነሰ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ጫማችሁን የጠረገላችሁ ልጅ ከወላይታ የመጣ እንደ ሆነ ስትሰሙ፣ ይህን ክፍፍል አስታውሱ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ሕዝብ በዚህ ጠባብ መሬት ላይ እስከ ዛሬ የኖረው በምን ኃይል ነው? እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የዘላቂ ልማት ትምህርት ከብሩንትላንድ ዘገባ በፊት በወላይታ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ነበረና ነው። ገበሬው መሬቱን በሁለት ይከፍላል። ለቤቱ ቅርብ የሆነውን «ዳርኮዋ»፣ ራቅ ያለውን «ሾቃ» ይለዋል። ዳርኮዋ የተከበረ መሬት ነው። የከብቱ ፋንድያ፣ የምድጃው አመድ፣ የቤቱ ጥራጊ በየቀኑ ወደዚያ ይሄዳል፤ አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው። እንሰቱ የሚተከለው እዚያ ነው። እንሰት ለምግብ ሲደርስ አራትና አምስት ዓመት፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ነገር ግን ከደረሰ በኋላ በማናቸውም ወር ሊቆረጥ ይችላል። ቆጮው፣ ቡላውና አምቾው ለሰው፣ ቅጠሉ ለከብትና ለዳቦ መጠቅለያ፣ ቃጫው ለገመድ ይሆናል። ሰፊው ቅጠሉ ብርቱ ዝናብ አፈሩን እንዳይደበድበው ጥላ ይሆንለታል። ከብቱ ቅጠሉን በልቶ ፋንድያውን ለእንሰቱ ይመልሳል። ይህን ሥርዓት ማንም ባለሙያ በወረቀት አልነደፈውም፤ ሴቶቹ ናቸው በየማለዳው ፋንድያ እየተሸከሙ ያቆሙት።

አሁን ግን ክቡ ከአንድ ቦታ ላይ ተበጥሷል። መሬቱ ሲጠብ ግጦሽ ጠፋ፤ ግጦሽ ሲጠፋ ከብት አነሰ፤ ከብት ሲያንስ ፋንድያ አነሰ፤ ፋንድያ ሲያንስ ዳርኮዋ እየተሸበሸበ ወደ ቤቱ ግድግዳ ተጠጋ። ከብት የሌለው ገበሬ የሌላውን ሰው ላም እያረባ ወተቱንና ፋንድያውን ይጠቀማል። ይህ አንዱ ብልኃት ነው፤ ለሁሉም ግን አይበቃም። ሾቃው ደግሞ ፋብሪካ ከሚያመጣው ማዳበሪያ በቀር የሚያገኘው የለውም። የማዳበሪያ ዋጋ በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ምክንያት በዓለም ገበያ ሲንር፣ የዳሞት ጋሌ ገበሬ ስለ ጥቁር ባሕር ወደቦች ሳይወድ ተማረ።

ከሾቃው ላይ የሚታጠበው አፈር የት ይሄዳል? በሐምሌ ወር ከዝናብ በኋላ ወደ ማንኛውም ድልድይ ወጥታችሁ ውሃውን ተመልከቱ። ቀለሙ የሻይ ሳይሆን የጡብ ነው። በየተዳፋቱ የተቦረቦሩት ገደሎች በየዓመቱ እየተከፈቱ አንዳንድ ሥፍራ ከብት ገብቶ የማይወጣባቸው ሆነዋል። መሬት ከፍቶ ሲመጣ ምን እንደሚመስል በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በጎረቤታችን በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ አይተናል። ተራራው ተንዶ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሰው ላይ ሁለተኛ ተንዶ፣ ከ200 ሰው በላይ አለቀ። ነገሩ የአፈር ጉዳይ ብቻ ነው አልልም፤ የዚያን ዓመት ዝናብ ብርቱ ነበር። ቢሆንም ተዳፋት ላይ ለሚኖር ሕዝብ የመሬት አያያዝ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላውቅም።

ታዲያ መንግሥት ምን አደረገ? ብዙ አድርጓል። እንዲያውም ወላይታ ልማት ያልተሞከረበት አገር ነው የሚል ቢኖር ታሪኩን አያውቅም። በአርሲ ስዊድኖች የረዱት የጭላሎ እርሻ ልማት ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ሰዉ እስከ ዛሬ «ዋዱ» እያለ ይጠራዋል። ዋዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ሰጠ፣ መንገድ ጠረገ፣ እርከን አሠራ፣ መሬት የጠበባቸውን ደገኞች በቆላው በአበላ አሰፈረ። ጥሩ ሥራ ነበር። ነገር ግን ዘሩም፣ ብድሩም፣ ባለሙያውም፣ መኪናውም የድርጅቱ ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቶ ፕሮጀክቱ ሲያበቃ የሚቀጥለውን ወጪ የሚሸከም አልነበረም። ዘለቀ የሚባለው መንገዱና ስሙ ነው።

በደርግ ዘመን ደግሞ እርከንና ደን በዘመቻ መጣ። በስንዴና በዘይት ክፍያ በአገሪቱ ሁሉ እጅግ ብዙ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ። በ1974 ዓ.ም. ገደማ በወላይታ በጉኑኖ ከስዊስ አገር ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ፤ ከአንድ ማሳ ላይ በዓመት ስንት አፈር እንደሚታጠብ በሚዛን መለካት የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ግን በብዙ የአገራችን ክፍል ሕዝቡ ደኑን ቆረጠ፣ እርከኑን አፈረሰ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ገበሬው ጥቅሙን አያውቅም» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ግማሽ ሄክታር ላለው ሰው እርከን ማለት ቦታ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ እርከን ጋር አንድ ሁለት መስመር ቦቆሎ ይጠፋል፤ አይጥም ይሰፍርበታል። ይህን ኪሳራ የሚሸከመው እርሱ ሆኖ፣ «ይህን እርከን የት እንሥራው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። አንቀጽ 43ን ልብ በሉ ያልኳችሁ ስለዚህ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ያለው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከዚያ የተሻለ ነው፤ የምግብ እጥረት ላለበት ቤተሰብ በሕዝብ ሥራ ላይ ለሚያውለው ጉልበት ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል፤ ጉልበት የሌለው አዛውንትም ሳይሠራ ይረዳል። በዚያው ዓመት ገደማ የወጣው የተፋሰስ ልማት መመሪያ ደግሞ ሥራው ከተራራው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች እንዲወርድ፣ ዕቅዱም ከነዋሪው ጋር እንዲወጣ ያዛል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ በጥርና በየካቲት ገበሬው በነፃ ጉልበቱ ለተወሰኑ ቀናት ይዘምታል። በሐምሌ ደግሞ ችግኝ ይተከላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን በአገሪቱ ሁሉ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር።

አንድ ጊዜ በክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን በዚህ ነገር ጠይቄአቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ወጥተን በተሰለፍንበት ቀን እያንዳንዱ ስንት ችግኝ እንደ ተከለ ሁሉም በፍጥነት መለሰልኝ፤ አንዳንዱም ከጎረቤቱ ጋር ተወዳደረ። ዛሬ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ስጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አወጣች። እርሷም ያወቀችው ችግኙን የተከለችበት ቦታ ውሃ ለመቅዳት በምትሄድበት መንገድ ላይ ስለ ሆነ ነው።

ይህ የተማሪ ብቻ ጠባይ አይደለም። ከእናንተ መካከል በወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ወዳጆቼ ቅጹን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የተተከለ ችግኝ፣ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር፣ የተሳተፈ ሕዝብ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ያስተላልፋል፤ ክልሉ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሆኖ መቀመጫው ሶዶ ስለ ሆነ፣ ወረቀቱ እንደ ድሮው እስከ ሐዋሳ አይጓዝም። መንገዱ አጠረ፤ የቅጹ አምድ ግን አልተለወጠም። ቁጥሩ በየደረጃው ይደመራል እንጂ ወደ ማሳው ተመልሶ አይወርድም። በሐምሌ የተተከለው በሚቀጥለው ሐምሌ በዚያው ጉድጓድ እንደገና ቢተከል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ በወረቀት ላይ ሁለት ዛፍ፣ በምድር ላይ ግን አንድ ደረቅ እንጨት ነው።

ይህን ስል የልማት ሠራተኛውን ለመውቀስ አይደለም። በአብዛኛው እንደ እኔ ያለ ወጣት ነው፤ ሦስት መንደር በእግሩ ይዞራል። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ በብዙ ቦታ የመምህራንና የሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ በአገር የታወቀ ነገር ነው። ሠራተኛው ራሱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልዘለቀ ዘላቂ ልማት ከወዴት ይመጣል?

ደግነቱ ከእኛው አገር የተለየ ምሳሌ አለ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሁምቦ ወረዳ አለ። እዚያ ያለው ተራራ ደኑ ለከሰልና ለማገዶ ተቆርጦ ራቁቱን ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ምንጮቹ ደረቁ፤ ጎርፉ ድንጋይ ይዞ ወደ ማሳ ወረደ። በ1998 ዓ.ም. ገደማ ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት ከመንግሥትና ከነዋሪው ጋር ሥራ ሲጀምር አብዛኛውን ቦታ በችግኝ አልሸፈነውም። ቶኒ ሪናውዶ የሚባሉ አውስትራሊያዊ በኒጀር አገር በ1970ዎቹ የተማሩት አንድ ቀላል ነገር ነበር፤ ዛፉ ተቆረጠ እንጂ ጉቶው አልሞተም። ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ብርቱዎቹን ሁለት ሦስት ትቶ ሌላውን መመልመል፣ ከብትም እንዳይበላቸው መጠበቅ ነው። ከመሬት በታች ያለ ደን ነበር ማለት ነው፤ ሥሩ የጸደቀ፣ ፋታ ያጣ ደን።

ሁምቦዎች መጀመሪያ መጠራጠራቸው አልቀረም። «መሬታችንን ሊወስዱ ነው» ተባለ። ይህን ጥርጣሬ የሰበረው ንግግር ሳይሆን ሰነድ ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በ2,728 ሄክታር ላይ የተጠቃሚነት መብታቸው በሕግ ተመዘገበላቸው። መተዳደሪያ ደንቡን፣ ጠባቂውን፣ ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ ማኅበሩ ራሱ ይወስናል። በ2002 ዓ.ም. ሥራው በኪዮቶ ስምምነት መሠረት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዚያ ስፋት የመጀመሪያው የደን ፕሮጀክት ሆነ። ዛፉ ከአየር ከሚስበው ካርቦን 165,000 ቶን የሚሆነውን ለመግዛት የዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ተዋዋለ። ክፍያው እንደ ፕሮጀክቱ ሐሳብ ለማኅበራቱ ነው የሚደርሰው፤ የሚከፈለውም ስለ ተተከለ ሳይሆን ስለ ቆመ ዛፍ ነው። በዚህ ውል ውስጥ የቅጹ አምድ ተለውጧል ማለት ነው! ቆጣሪው መጥቶ ዛፉን በቦታው ካላገኘው ገንዘብ የለም።

ጉዳት የለውም ግን አልልም። በከሰል የሚተዳደሩ ድኾች፣ በተለይም እንጨት ተሸክመው የሚሸጡ ሴቶች፣ ተራራው በተዘጋ ጊዜ የዕለት ገቢያቸውን አጥተዋል። ማናቸውም «ይከለል» የሚል ውሳኔ አንድ ሰው ከሌላው የበለጠ ይጎዳል፤ የቀበሌው ምክር ቤት ሲወስን ያ ሰው በስብሰባው ላይ መኖሩን ማየት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም፤ እንጨት ሊሸጥ ሄዷል።

«ሁምቦ ተራራ ነው፤ እኛ ባለ ቁራሽ መሬት ነን፤ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» የሚል የቦዲቲ ልጅ አይታጣም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱንም ወደ ኬንያ ተሻግረን እንፈልገው። ከናይሮቢ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ማቻኮስ የሚባል አገር አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1920ዎቹ የእንግሊዝ ሹማምንት አይተውት በሕዝብ ብዛትና በጎርፍ ያለቀለት ምድር ነው ብለው ነበር። እርከን በግዴታ አሠሩ፤ ሕዝቡም ጠላው። ከነፃነት በኋላ ግን ያው ሕዝብ ራሱ በየማሳው እርከን ሠራ። በ60 ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ሳለ አፈሩ ከቀድሞው በተሻለ ተጠብቆ ተገኘ። ምን ተለወጠ? ቡናና አትክልት ለናይሮቢ ገበያ መሸጥ ጀመረ፤ መሬቱም የእርሱ እንደ ሆነ አመነ። እርከኑ ቦታ ቢወስድም ዋጋ መለሰለት። የእኛ የልማት ሠራተኞች «ፋንያ ጁ» የሚሉት የእርከን ዓይነት ስሙ ስዋሂሊ ነው፤ አፈሩን ወደ ላይ ወርውር ማለት ነው። ስሙን ተቀብለናል፤ ታሪኩን ግን ከስሙ ጋር ያመጣነው አይመስለኝም።

ለወላይታ ቁራሽ መሬት እርከን ዋጋ የሚመልስበት መንገድ አለ፤ እርሱም ደሾ ሣር ነው። ከጨንቻ ደጋ የታወቀው ይህ ሣር በእርከኑ ትከሻ ላይ ሲተከል ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ ቅጠሉ እየታጨደ ለላም ይሰጣል። ልብ በሉ፤ ቅድም የተበጠሰው ክብ የተበጠሰው በመኖ ነበር። እርከኑ መኖ ካበቀለ አንዲት ላም በጓሮ ታስራ ትቀለባለች፤ ላሟ ፋንድያ ትሰጣለች፤ ፋንድያው ለዳርኮዋ ይደርሳል። የጠፋው የቦቆሎ መስመር በወተት ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት የቆመ እርከን መንግሥት ቢለወጥ፣ ፕሮጀክት ቢዘጋ ማን ያፈርሰዋል? ሣሩ ያልተተከለበትን እርከን ግን የሚያፈርሰው ሰው ላይሆን ይችላል፤ የሐምሌ ዝናብ ይበቃዋል።

ከተሜውም ከዚህ ነፃ አይደለም። በብዙ ትንንሽ ከተሞች የቆርቆሮ ጣራው፣ አስፋልቱና የኮብል ድንጋዩ በበዛ ቁጥር ውሃው የሚሰርግበት ያጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ቦይ ይሠራል፤ ቦዩም በከተማው ወሰን ላይ ያበቃል። ከወሰኑ ማዶ ያለው ገበሬ የከተማውን ውሃ ሁሉ በአንድ አፍ ይቀበላል። ያወጣሁት ጠቡ ከማን ጋር እንደ ሆነ እንድታስቡ ነው። ቦዩ በከተማው ሪፖርት ላይ የተፈጸመ ልማት ነው፤ ገደሉ በወረዳው ሪፖርት ላይ የተፈጥሮ አደጋ ነው። ሁለቱን ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ቢገኝ ነገሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገለጽ ነበር።

የወረዳው ምክር ቤት ዕቅድና በጀት የሚያጸድቅበት ጊዜ አለው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ቃለ ጉባኤ ትይዛላችሁ፣ ሠንጠረዥ ታዘጋጃላችሁ፣ ለሹሙ የሚነበበውን ታረቅቃላችሁ። ሥልጣናችሁ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሠንጠረዡ ላይ «ባለፈው ዓመት ከተተከለው ዛሬ የቆመ» የሚል አንድ አምድ ለመጨመር የሚኒስትር ፊርማ አያስፈልግም። አምዱ ባዶ ቢሆን እንኳ ባዶነቱ ይጠይቃል፤ ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ ገበሬ አይቶት እጁን ያነሣል።

ተማሪዎች ደግሞ ቆጠራውን ልትረዱ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ወሩን ምረጡ። በመስከረም አትቁጠሩ። በመስከረም ሁሉም ነገር አረንጓዴ ስለ ሆነ አረሙም ችግኝ ይመስላል፤ የሚወጣውም ቁጥር ለበዓል ንግግር እንጂ ለሌላ አይሆንም። በየካቲት፣ በልጉ ሳይጀምር፣ ምድሩ በደረቀበትና ከብቱ በራበው ጊዜ ውጡ። ረዥም ገመድና ደብተር ያዙ፤ ገመዱን በተዳፋቱ ላይ ዘርግታችሁ በስሩ ያሉትን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ተመልከቱ። ቅጠል ባይኖረው አትለፉት፤ ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ጥቂት ጫር አድርጉት። ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ፤ «ጸድቋል» ብላችሁ ጻፉ። የማን ማሳ እንደ ሆነና ማን ውሃ እንዳጠጣውም ጠይቃችሁ ከጎኑ ጻፉበት።